ጐርፍን በራስጌው ስለ መያዝ፤ የትንንሽ የገጠር ግድቦች ትምህርት

በክረምት ወራት ጐርፍ መጥቶ እርሻውን የወሰደበት ሰው፥ ጐርፉ በድንገት የመጣ ይመስለዋል። ለእርሱ በእውነት ድንገተኛ ነው። በሰፈሩ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፥ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ ሳትወርድ፥ በላይ አገር የዘነመው ውሃ እየጮኸ ይደርስና ከብቱንም አዝመራውንም ጠራርጎ ይሄዳል። ነገር ግን ያ ውሃ ከመድረሱ አስቀድሞ ረጅም መንገድ ተጕዟል። መጀመሪያ በኮረብታው ጫፍ በአንድ እርሻ ትልም ውስጥ የሚወርድ፥ ሕፃን በእግሩ ሊያቆመው የሚቻለው ቀጭን ውሃ ነበር። ያ ቀጭን ውሃ ከሌላው ትልም ውሃ ጋራ ይገናኛል፤ ሁለቱ ወደ ፈፋ ይወርዳሉ፤ ፈፋው ከፈፋ ጋራ ተጋጥሞ ወንዝ ይሞላል። ወንዙ ከሞላ በኋላ ግን የሚያቆመው ሕፃን አይደለም፤ ሠራዊትም አያቆመው።

እንግዲህ ጐርፍን ለመከላከል የሚያስብ ሕዝብ ወይ በታች በወንዙ ዳር ቆሞ ከሞላው ውሃ ጋራ ይታገላል፥ ወይም ወደ ራስጌው ወጥቶ ውሃው ገና ትንሽ ሳለ በየፈፋው ያዘገየዋል። የፊተኛው ሥራ ታላቅ ግንብና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ከመንግሥት በቀር የሚችለው የለም። የኋለኛው ግን የገጠር ሰው ሊረዳውና ሊረዳበት የሚችል ሥራ ነው። ይህንንም ሥራ በሰፊው ከፈጸሙት አገሮች አንዱ በአሜሪካ ያለው የኦክላሆማ ክፍል ስለ ሆነ፥ በዚያ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተነገረው ለብቻው ተለይቶ ተመልክቷል።

ዋሺታ የሚባለው ወንዝ ከቴክሳስ ሰሜናዊ ክፍል ይነሣና ኦክላሆማን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቋርጦ ሬድ ሪቨር ወደ ተባለው ታላቅ ወንዝ ይገባል። በዚያ አገር ያለው ምድር ወጣ ገባ የሆነ፥ ቀይ ዐፈር ያለበት፥ ዛፍ የማይበዛበት ሜዳ ነው። የሻያንና የአራፓሆ ሕዝቦች ይኖሩበት በነበረ ጊዜ ሣር ለብሶ ይኖር ነበር። በ1892 የአሜሪካ መንግሥት ያንን ምድር ለሰፋሪዎች ከከፈተው በኋላ ግን ከየአቅጣጫው የመጡ ገበሬዎች ሣሩን ገልብጠው ጥጥና ስንዴ ዘሩበት። ብዙዎቹም ቍልቍለቱን ተከትለው ከላይ ወደ ታች ያርሱ ነበርና፥ እያንዳንዱ ትልም ለዝናሙ ውሃ የተቈፈረ ቦይ ሆነ። ሣሩ ሳለ ምድሪቱ እንደ ስፖንጅ ውሃውን ትመጥ ነበር፤ ሣሩ ከጠፋ በኋላ ውሃው ዐፈሩን ይዞ ይወርድ ጀመር። በሠላሳ በአርባ ዓመት ውስጥ ሰው ቆሞ የማይታይበት ቦረቦር የተቈፈረበት እርሻ ብዙ ሆነ።

በ1930ዎቹ ዓመታት ታላቅ ድርቅ በዚያ አገር ላይ ወረደ፤ ነፋሱም የተገለጠውን ዐፈር አንሥቶ ሰማዩን አጨለመው። በዚያው በድርቁ ዘመን ነው እንግዲህ ጐርፉ የመጣው። መጋቢት 25 ለ26 ቀን 1926 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ይኸውም በ1934፥ በዋሺታ ራስጌ ከባድ ዝናም ዘነመ። ሐመን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወንዙ ከአፉ ወጥቶ ሌሊት የተኙትን ሰዎች ደረሰባቸው፤ 17 ሰዎችም ሞቱ። ውሃ አጥቶ የሚያለቅስ አገር በውሃ ተወሰደ ማለት ለሰሚው እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገሩን መርምሮ ላየው ሰው ግን ድርቁም ጐርፉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ዝናሙን መያዝ ያልቻለች ምድር ሲዘንም ትጎርፋለች፥ ሲያባራ ትደርቃለች።

ከዚህ በኋላ የመንግሥቱ ሰዎች ነገሩን ማሰብ ጀመሩ። ሂዩ ቤኔት የተባለው የዐፈር ሊቅ፥ ዐፈር መታጠቡ ለአገር ከጦርነት የማያንስ አደጋ መሆኑን ለብዙ ዘመን ሲያስረዳ ኖሮ፥ በ1935 የዐፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሕግ ሲቋቋም አለቃው ሆነ። በታኅሣሥ 1944 ደግሞ አዲስ የጐርፍ መከላከያ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ የእርሻ ሚኒስቴር በ11 ወንዞች ራስጌ ላይ ሥራ እንዲሠራ ተፈቀደለት፤ ዋሺታም ከነዚህ አንዱ ነበረ። ጦርነቱ ገና አላለቀምና ሥራው ወዲያው አልተጀመረም። በመጨረሻ ሐምሌ 1 ቀን 1940 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ይኸውም በ1948፥ ኮርዴል በምትባል ከተማ አጠገብ ክላውድ ክሪክ በሚባል ትንሽ ፈፋ ላይ የመጀመሪያው ግድብ ተፈጸመ። ከዚህ ቀጥሎ ሳንድስቶን ክሪክ በሚባለው ገባር ወንዝ ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ 24 ግድቦች ተሠሩ። አንድ ገባር ወንዝ ከራስጌው እስከ ግርጌው በዚህ ዐይነት ሲታገድ ይህ የመጀመሪያው ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ጐበኙት።

አሁን ግድቡ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሣር የበቀለበት ረጅም ጕብታ እንጂ ግድብ አይመስልም። ከድንጋይ ሳይሆን ከዐፈር የተሠራ ነው። ሆኖም ዐፈር መከመር ግድብ መሥራት አይደለም፤ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። አስቀድሞ ግድቡ የሚቆምበት መሬት ሣሩና ሥሩ ያለበት የላይኛው ዐፈር ይነሣል፤ ሥር በዐፈር ውስጥ ሲበሰብስ ቀዳዳ ይተዋልና፥ ውሃም ቀዳዳን የሚፈልግ ነውና። ቀጥሎ በግድቡ መካከል ከዳር እስከ ዳር ውሃ የማያሰርግ ጠንካራ ዐፈር እስኪገኝ ድረስ ቦይ ይቈፈራል፤ ቦዩም በሸክላ ዐፈር ተሞልቶ ይደመደማል። ይህ ባይደረግ ውሃው ከግድቡ በታች ሰርጎ ይወጣል፤ ግድቡ ሳይነካ መሠረቱ ይበላል።

ከዚያ ወዲያ ግድቡ በስስ በስሱ እየተነጠፈ ይሠራል። እያንዳንዱ ንጣፍ ከመጠቅጠቁ በፊት ሌላ አይደረብበትም። በአሜሪካ ይህን የሚሠራው የበግ ኮቴ የሚመስሉ ጕጦች ያሉበት የብረት መዳመጫ ነው። ይህ መሣሪያ በሌለበት አገር ከብት ሲነዳበትና ሰው ሲረግጠው ሥራው በዝግታ ይፈጸማል። ዐፈሩ ሲጠቀጠቅ ደረቅም ጭቃም መሆን የለበትም፤ ከእፍኝ ውስጥ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ የሚቀር፥ እጅንም የማያጨቀይ መሆን አለበት። ጥቍር መረሬ ዐፈር ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ ብቻውን አይታመንም። የግድቡም ጐን ቀጥ ያለ አይሆንም፤ አንድ ክንድ ወደ ላይ ሲወጣ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ክንድ እየተደላደለ ይሄዳል።

የዚህ ግድብ ጥበብ ግን ከቁመቱ ይልቅ በመውጫዎቹ ነው። በግድቡ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፍ ቧንቧ አለ። ቧንቧው በውሃው በኩል ቀጥ ብሎ ከቆመ የሲሚንቶ ግንብ ጋራ ይገናኛል፤ የግንቡም አናት ክፍት ነው። ውሃ እየሞላ መጥቶ ከግንቡ አናት ሲደርስ በዚያ ገብቶ በቧንቧው ወደ ታች ይወጣል። ከግንቡ አናት በታች የሚቀረው ውሃ ኩሬ ሆኖ ይቆያል፤ ይህ ቦታ ጐርፉ የሚያመጣው ደለል እንዲቀመጥበት የተተወ ነው። ከግንቡ አናት በላይ ያለው ቦታ ግን በደኅናው ጊዜ ባዶ ነው። ከባድ ዝናም ሲመጣ ይህ ባዶ ቦታ ይሞላል፤ ቧንቧው ጠባብ ስለ ሆነ ውሃው የሚወጣው ቀስ ብሎ በብዙ ቀን ነው። ዝናሙ ከተገመተው በላይ ሆኖ ባዶው ቦታ ሁሉ የሞላ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ከግድቡ ጐን በተፈጥሮው መሬት ላይ የተቈፈረ፥ ሣር የለበሰ ሰፊ ማስተንፈሻ አለ። ማስተንፈሻው ከግድቡ ጫፍ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ትርፉ ውሃ በዚያ ይሄዳል እንጂ በግድቡ ላይ አያልፍም። በዐፈር ግድብ ጫፍ ላይ ውሃ ካለፈ ግድቡ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ይፈርሳልና፥ ማስተንፈሻ የሌለው የዐፈር ግድብ ከመሥራት ምንም አለመሥራት ይሻላል።

አንድ ሰው በበጋ መጥቶ ይህን ግድብ ቢያይ፥ ይህን ያህል ተደክሞበት በሥሩ ትንሽ ኩሬ ብቻ መኖሩ ያስገርመዋል። ቧንቧውን ደፍኖ ውሃውን እስከ ጫፉ ቢሞላው ለመስኖ የሚጠቅም ይመስለዋል። በኦክላሆማም ይህ አሳብ ያልመጣበት ሰው አልነበረም። ነገር ግን የዚህ ግድብ ሥራ ባዶ መሆኑ ነው። ጐተራ እህል ሲመጣ የሚጠቅመው ባዶ ሆኖ ሲቆይ እንደ ሆነ፥ ይህም እንዲሁ ነው፤ ሞልቶ ያደረ ግድብ ለሚመጣው ጐርፍ ማደሪያ የለውም። ውሃ ለመስኖም ለጐርፍም እንዲሆን የፈለገ ሰው ከመጀመሪያው ግድቡን ከፍ አድርጎ ለሁለቱም ቦታ ለይቶ መሥራት አለበት።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎች በቍጥር ሊያሳያቸው ይችላል። ከአንድ ፈፋ በላይ ያለው አገር 5 ጋሻ ነው እንበል። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ስለ ሆነ ጠቅላላው 200 ሄክታር፥ ወይም 2,000,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢዘንም በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 50 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው፤ በጠቅላላው 100,000 ሜትር ኩብ። ግማሹን መሬት ቢጠጣው ግማሹ፥ 50,000 ሜትር ኩብ፥ ወደ ፈፋው ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያልፍ በየሰኮንዱ 14 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 10 ኩንታል ይመዝናልና፥ በየሰኮንዱ 140 ኩንታል የሚመዝን ውሃ ከተራራ እየተወረወረ ነው። ያው ውሃ በግድብ ተይዞ በ5 ቀን ውስጥ ቢወጣ ግን በየሰኮንዱ የሚያልፈው 116 ሊትር ብቻ፥ ይኸውም ከአንድ ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ነው። ውሃው አልጠፋም፤ አንዲት ጭልፋም አልጐደለም። የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው፤ የጐርፍም ክፋት ያለው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በጥድፊያው ነው።

ቍጥር ለማይገባቸው ትንንሽ ልጆች ሌላ መንገድ አለ። አንድ ባዶ ቆርቆሮ ተወስዶ ከሥሩ በምስማር ይበሳ። አንድ ኩባያ ውሃ በአሸዋ ክምር ላይ በአንድ ጊዜ ቢደፋ አሸዋውን ይንደዋል። ያው ኩባያ ውሃ በተበሳው ቆርቆሮ ቢደረግና በቀዳዳው በኩል በአሸዋው ላይ ቢንጠባጠብ አሸዋው ይርሳል እንጂ አይፈርስም። ደግሞም ሁለት ሳንቃዎች ተዘቅዝቀው፥ በአንዱ ላይ ሣር ያለበት ቍራጭ መሬት፥ በሁለተኛው ላይ የታረሰ ዐፈር ተደርጎ እኩል ውሃ ቢፈስባቸው፥ በታች በሳሕን የሚጠራቀመውን ውሃ ልጆቹ ራሳቸው ያመዛዝኑት። ከአንደኛው ጥቂትና የጠራ፥ ከሁለተኛው ብዙና የደፈረሰ ውሃ ይወርዳል። ይህን ያየ ልጅ ወደ ቤቱ ሄዶ ለአባቱ ማውራቱ አይቀርም።

ከግድቡ አሠራር ይልቅ ከባዱ ነገር የመሬቱ ነገር ነበር። ግድብ ሲሠራ የሚሸፈነው መሬት የአንድ ሰው ነው፤ ከጐርፍ የሚድነው መሬት ግን በታች ያለው የሌላ ሰው ነው። የላይኛው ገበሬ ለም የሆነውን የፈፋውን ሥር እርሻ ሰጥቶ ለእርሱ የሚቀርለት ኩሬ ብቻ ነው። በኦክላሆማ ብዙዎቹ ባለመሬቶች ያለ ዋጋ ግድቡ እንዲሠራባቸውና ውሃው እንዲተኛባቸው በፊርማቸው ፈቀዱ። ይህ የሆነው ሁሉም ደጎች ስለ ነበሩ አይደለም። በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት በየአውራጃው የገበሬዎች የዐፈር ጥበቃ ማኅበር ተቋቁሞ ነበርና፥ ጐረቤት ከጐረቤት ጋራ የሚነጋገርበት ሸንጎ አገኘ። የላይኛው ሰው ደግሞ ሌላ ወንዝ ሲመጣ የታችኛው መሆኑን ያውቃል። ከብቱም በበጋ ከኩሬው ይጠጣ ነበር። በአገራችን ሽማግሌዎች ውሃ በሚያጣላቸው ሰዎች መካከል ተቀምጠው እንደሚፈርዱ ሁሉ፥ ግድብ ከመሠራቱ አስቀድሞ የሽማግሌዎች ሥራ ይህ ነው፤ ማን ይሰጣል፥ ማን ይድናል፥ የዳነውስ ለሰጠው ምን ይክሳል? ይህ ሳይቈረጥ የተጀመረ ሥራ በዝናም ሳይሆን በክስ ይፈርሳል።

በ1954 የወጣው ሕግ ደግሞ ይህን የትንንሽ ግድብ ሥራ በአሜሪካ አገር ሁሉ እንዲስፋፋ አደረገ። በዚህም ሕግ አንድ የሚደነቅ ነገር አለ። ከግድቡ በላይ ካለው መሬት ባለቤቶች፥ ከግማሽ የማያንሰውን መሬት የያዙት፥ እርሻቸውን በደንብ ለመጠበቅ ውል ካልገቡ መንግሥት ለግድቡ እንዳይረዳ ያዛል። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ከላይ ያለው ተራራ ተራቍቶ ቍልቍል የሚታረስ ከሆነ፥ ለ50 ዓመት ደለል የታሰበው ቦታ በጥቂት ዓመት ይሞላል። ግድብ የእርከንና የሣር ምትክ አይደለም፤ የእነርሱ ትርፍ የሆነውን ውሃ የሚቀበል ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉ የኮንሶ ሰዎች ከብዙ ትውልድ ጀምሮ በድንጋይ እርከን ተራራቸውን ደረጃ በደረጃ አድርገው የጠበቁበት ጥበብ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ለማየት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም።

በዚያን ዘመን ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቹ በራስጌ ትንንሽ ግድቦች ከተሠሩ በግርጌ ትልልቅ ግድብ መሥራት ከንቱ ድካም ነው አሉ። ኤልመር ፒተርሰን የተባለው የኦክላሆማ ጋዜጠኛ በ1954 ትልልቆቹን ግድቦች ሞኝነት ብሎ መጽሐፍ አወጣባቸው። በዚያው ዓመት ሉና ሊኦፖልድና ቶማስ ማዶክ የተባሉ የውሃ ሊቃውንት ክርክሩን መርምረው የጻፉት ግን ረጋ ያለ ነበር። ትንሹ ግድብ ከሥሩ ያለውን እርሻ በእውነት ያድናል፤ ወደ ታች በተራቀ ቍጥር ግን ሌሎች ያልታገዱ ወንዞች እየተጨመሩ ኃይሉ ይደክማል፤ እጅግ ታላቅ ዝናም በመጣ ጊዜም ትንንሾቹ ግድቦች ሞልተው ያልፋሉ። እንግዲህ ትንሽ ግድብ ሩቅ ያለችን ታላቅ ከተማ ያድናል ብሎ ተስፋ መስጠት ስሕተት ነው። በአቅራቢያው ያለውን የአምሳ ቤተ ሰብ እርሻ፥ መንገድና ድልድይ ቢያድን ግን ለአምሳው ቤተ ሰብ ጥቂት ነገር አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለም፥ ዛሬ በኦክላሆማ ብቻ 2,107፥ በአሜሪካ በ47 ክፍሎች ደግሞ ከ11,800 በላይ እንዲህ ያሉ ግድቦች አሉ።

ግድብ ተሠርቶ የሚተው ነገር አለመሆኑን በሌላ አገር የደረሰው አደጋ ያስረዳል። በጆርጂያ ክፍል ቶኮአ በሚባል ቦታ ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተሠራ፥ በኋላም ሥራው ቀርቶ ሐይቅ ብቻ ሆኖ የኖረ የዐፈር ግድብ ነበረ። በኅዳር 1977 ብዙ ዝናም ከዘነመ በኋላ ይህ ግድብ በሌሊት ተሰብሮ በሥሩ ተኝተው የነበሩ 39 ሰዎች ሞቱ። የጐርፍ መከላከያ ግድብ አልነበረም፤ ነገር ግን የዐፈር ግድብ ሁሉ የሚታመመው በአንድ ዐይነት በሽታ ነው። ዛፍ በግድቡ ላይ ይበቅልና ሥሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ፍልፈልና ጃርት ይቈፍሩበታል። ከብት አንድ መንገድ ይዞ ሲመላለስ ጫፉ ይጐደጕዳል፤ ውሃም መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያ ነው። ቧንቧው ይዝጋል፤ የግንቡም አፍ በግንድና በቍጥቋጦ ይደፈናል። በስተ ኋላ በደረቁ ጐን የሚታይ እርጥበት ንጹሕ ውሃ ሲያወጣ ነገሩ ይመረመራል፤ ውሃው ደፍርሶ ዐፈር ይዞ ሲወጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነውና፥ ከታች ያሉት ሰዎች በዚያች ሰዓት ይነሡ።

ሌላም አደጋ አለ፤ እርሱ የሚመጣው ከግድቡ መልካም ሥራ ነው። ጐርፉ ሃያ ዓመት ሳይመጣ ሲቀር ሰዎች የጐርፉን አገር ይረሱታል፤ ልጆቻቸውም ከግድቡ ሥር ቤት ይሠራሉ። እርሻ ብቻ ይጠብቅ ተብሎ የተሠራ ግድብ ሳይታሰብ የሰው ነፍስ ጠባቂ ይሆናል። የኦክላሆማ ግድቦች አብዛኞቹ ለ50 ዓመት የታሰቡ ነበሩና፥ ዘመናቸው ሲፈጸም ይህ ነገር ታየ። በ2000 አዲስ ሕግ ወጥቶ ያረጁትን ማደስ ተጀመረ፤ ቧንቧው ይለወጣል፥ ማስተንፈሻው ይሰፋል፥ ግድቡም ከፍ ይደረጋል። ለመሥራት ገንዘብ ያዋጣ ሕዝብ ለመጠበቅ ሲጠየቅ እጁ መታጠፉ በየአገሩ አንድ ነው።

ኦክላሆማና ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ፈጽሞ ባዕዳን አይደሉም። በ1952 የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ ተዋውሎ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፥ በዓለማያም የእርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም መምህራን ላከ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሰኔ 1946 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ወደ ስቲልዎተር ሄደው ያንን ኮሌጅ ጐብኝተዋል። ዓለማያ ካለበት ከሐረርጌ ደጋ ቍልቍል ወርዶ ደግሞ ድሬዳዋ ይገኛል። በድሬዳዋ መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሌሊት፥ በደጋው የዘነመው ዝናም በዚያ ደረቅ አሸዋ ወርዶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ለተኙት ሰዎች ድንገተኛ ነበረ። ውሃው ግን ከደጋው እርሻዎችና ከተራቈቱ ገደሎች ተነሥቶ ፈፋ ለፈፋ እየተጠራራ የወረደ ነበረ። ከዚያ ወዲህ በከተማው በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ግንቡ የታችኛው ሥራ ነው፤ የላይኛው ሥራ ያለው በደጋው ገበሬ እጅ ነው።

በመንደሩ እንዲህ ያለ ግድብ ለመሥራት የሚታሰብ እንደ ሆነ፥ የግድቡን ልክና የማስተንፈሻውን ስፋት የሚወስነው መሐንዲስ ነው። መምህሩና ሽማግሌዎቹ ግን መሐንዲሱ የማያውቀውን ያውቃሉ። ጐርፉ በታወቀው ክፉ ዓመት እስከ የትኛው ዛፍ እንደ ደረሰ፥ ምንጭ በበጋ የሚመነጭበት ረግረግ የት እንደ ሆነ፥ የፍልፈል ጕድጓድ የሚበዛበት ኮረብታ የትኛው እንደ ሆነ፥ የትኛው መሬት በሁለት ወንድማማች መካከል በክርክር ላይ እንዳለ ሊነግሩት ይገባል። ተማሪዎችም በትምህርት ቤቱ ግቢ በቀላል መስፈሪያ በየቀኑ የወረደውን ዝናም እየለኩ በደብተር ቢጽፉ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ለመሐንዲሱ ከወርቅ ይሻለዋል።

የወባ ነገርም ሊታሰብ ይገባል። በትግራይ በትንንሽ የመስኖ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚታመሙ በ1999 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የጐርፍ ግድብ ውሃውን በጥቂት ቀን የሚለቅ ስለ ሆነ ከመስኖ ግድብ ይልቅ ለትንኝ አይመችም። ከግንቡ በታች የሚቀረው ኩሬ ግን ለትንኝ ያው ነውና፥ ቤት ከእርሱ ራቅ ብሎ ይሠራ፤ ዳሩም ከሣርና ከቄጠማ ይጽዳ። ልጆች እንዳይዋኙበት፥ ይልቁንም ቧንቧው በሚስብበት በግንቡ አጠገብ እንዳይቀርቡ ከወዲሁ ይነገራቸው።

ግድቡን የሚጠብቅ ሰው ከከባድ ዝናም በኋላ በማግሥቱ ጠዋት ይወጣል። በግድቡ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ ስንጥቅና መስመጥ እንዳለ ያያል። ወደ ኋላ ወርዶ በእግሩ እርጥበት ይፈልጋል። በግንቡ አፍ የተሰገሰገውን ግንድ ያወጣል። በማስተንፈሻው ላይ ሣሩ ተነቅሎ ዐፈሩ የተገለጠበት ቦታ ካለ ምልክት ያኖርበትና እስኪጠገን ድረስ ከብት ያግድበታል። ውሃው በስንት ቀን እንደ ጐደለ በእንጨት ላይ በተቈረጠ ምልክት ይቈጥራል፤ ከተለመደው ቀን ዘግይቶ የጐደለ እንደ ሆነ ቧንቧው እየተደፈነ ነው፤ ፈጥኖ የጐደለ እንደ ሆነ ውሃው ሌላ መንገድ አግኝቷል።